የማይሰማ እጅ፣ የማያስጠነቅቅ ስሜት
በማኅፀን ሳሉ ለአልኮል ስለተጋለጡ ሰዎች ስሜትና ውሳኔ የቀረበ ንግግር



በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ አጠገብ የምትገኘው ዘነበወርቅ ስሟን ያገኘችው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በእርሳቸው ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከጣልያን ወረራ በፊት ተቋቋመ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ሥፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ሕዝቡ በአጭሩ «አለርት» የሚለው፣ ተመሠረተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግርና በበቅሎ ለመታከም የመጡ ሰዎች ቁስላቸው ከዳነ በኋላም ወደ ሀገራቸው አልተመለሱም። ዘመድ ፊቱን አዞረባቸው፤ ወይም እነርሱ ራሳቸው አፈሩ። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ትዳር ያዙ፣ ልጅ ወለዱ፤ መንደሩም እንዲህ ሆኖ ቆመ።

ይህ መንደር ለሕክምና ዓለም ያስተማረው አንድ ቁም ነገር ስላለ፣ የዛሬው ጉዳይ ከዚያ ቢጀምር አግባብ ይሆናል። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። ነርቩ የተጎዳበት እጅ የጋለውን ከቀዘቀዘው፣ የተሳለውን ከደነዘው አይለይም። አንዲት ሴት የፈላ ድስት በባዶ እጅዋ ከጉልቻ ላይ ታወርዳለች፤ ቆዳዋ ተልጦ ታየዋለች እንጂ ሲቃጠል አይሰማትም። ለብዙ ዘመን ሰው ሁሉ፣ ሐኪምም ጭምር፣ ጣት የሚቆረጠው በሽታው ሥጋን ስለሚበላ ይመስለው ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ ሲሠራ የደረሰበት ግን ሌላ ነው፤ ጣትን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ራሱ ሳይሆን የሕመም ስሜት መጥፋቱ፣ ማለትም ዘበኛው ከበር መነሣቱ ነው። ይህ ከታወቀ ወዲህ የሕክምናው ጠባይ ተለወጠ። በሽተኛው ማታ ማታ እግሩን በዓይኑ እንዲመረምር፣ ድስት በጨርቅ እንዲይዝ፣ ለእግሩ ልክ የተሠራ ጫማ እንዲጫማ ይማራል። ስሜት ያልነገረውን ዓይን፣ ልማድና ቁሳቁስ ይነግሩታል። የአለርት የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ እነዚያን ጫማዎች ሲሰፋ የኖረው በዚህ ሐሳብ ነው። «እግርህ ሲቆስል ለምን አልጠነቀቅህም?» ብሎ በሽተኛውን የሚገርፍ ነርስ በዚያ ግቢ ሊኖር አይችልም።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከእጅ ላይ ሳይሆን ከሰው ውሳኔ ላይ ዘበኛው ቢነሣስ? ሰውየው የሚጎዳውን ነገር ሊጨብጥ ሲል «ተው» የሚል ስሜት በውስጡ ባይነሣ፣ ቢነሣም ዘግይቶ ቢደርስ ምን ይሆናል? በማኅፀን ሳሉ አልኮል የደረሰባቸው ሰዎች ከሚገጥማቸው ችግር ዋነኛው ይኸው ነው። ጉዳቱ በአማርኛ ገና የረጋ ስም ስላልወጣለት በዚህ ንግግር «የፅንስ የአልኮል ጉዳት» እየተባለ ይጠራል።

ከመቀጠል በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይገባዋል። ዘነበወርቅ እዚህ የተነሣችው ከሌላው ሰፈር ይልቅ የሚጠጣባት ስለሆነች አይደለም። እንዲህ ማለት በዚህ ሰፈር ሕዝብ ላይ «በዘር የሚተላለፍ ነው» እየተባለ ለስንት ትውልድ የተለጠፈውን ሐሰት በሌላ ቀለም መልሶ መለጠፍ ይሆናል። ሥጋ ደዌ በዘር አይወረስም፤ የፅንስ የአልኮል ጉዳትም እንዲሁ። መጠጡም ቢሆን በቦሌ በውስኪ ብርጭቆ፣ በገጠር በቅል፣ በኮልፌ በጣሳ ይቀዳል እንጂ ሰፈር አይመርጥም።

በኢትዮጵያ ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ መጠጥ የሚጠይቅ ባለሙያ መጀመሪያ የሚሳሳተው በቃሉ ነው። «መጠጥ ትጠጫለሽ?» ተብላ የተጠየቀች እናት «ኧረ በስመ አብ!» ትላለች፤ ውሸቷንም አይደለም። በብዙ ቤት «መጠጥ» ማለት አረቄ፣ ቢራና የመሸታ ቤት ነገር ነው። ጠላ ግን እህል ነው። ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለልደትና ለፋሲካ የሚጠመቅ፣ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ደቦ የሚያበሉበት ነው። ቅራሪውንማ ሕፃንም ይጎነጨዋል። በደቡብ ደግሞ ቦርዴና ሻሜታ አራስን ያበረታሉ፣ ወተት ያወርዳሉ ተብለው የተከበሩ ናቸው። በዚህ ላይ ነፍሰ ጡር ያማራትን መከልከል እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ ጎረቤት ጠላ ስትቀዳ እርጉዟን ዘልላ አታልፍም። «ትንሽ ቅመሺ» የሚለው ቃል ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለትም ፍቅርን እንደ መግፋት ይታያል።

ዳሩ ግን ፅንሱ የበዓሉን ስም አያውቅም። የሚደርሰው አልኮሉ ነው። የቤት ጠላ እንደ አጠማመቁ ከመቶ 2 እስከ 6 እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል፤ ጠጅ ከዚያ ይበልጣል፤ አረቄ፣ ይልቁንም ዳግሙ፣ ከመቶ 40 እጅ ሊደርስና ሊያልፍ ይችላል። ሒሳቡን ለሠራው ሰው ነገሩ ያስደንቃል። ከመቶ 4 እጅ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ጠላ 40 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ ይኸው መጠን የሚገኘው ከመቶ 40 እጅ ባለው አረቄ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው። በበዓል ቀን ሊትሯን ጠላ ያጋመሰችና የጨረሰች እናት «መጠጥ አልቀመስሁም» ስትል፣ በመለኪያ ተሰፍሮ ቢቀርብላት የምትደነግጥበትን አረቄ ጠጥታለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በባሕር ዳር ከተማ የተደረገ ጥናት ከነፍሰ ጡሮች ከሦስቱ አንዷ ያህል በእርግዝናዋ ጊዜ አልኮል እንደ ጠጣች አመልክቷል።

ስለዚህ አዋላጅና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥያቄያቸውን በየስሙ መዘርዘር አለባቸው፤ ጠላ? ጉሹ ወይስ የተጣራው? ቅራሪ? ጠጅ? በጣሳ ወይስ በብርሌ? በሳምንት ስንት ጊዜ? ማኅበር አለብሽ? ጠላ የምትሸጪ ከሆነ እየቀመስሽ ነው የምታጠምቂው? ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። ጠላ ጠምቆና አረቄ አውጥቶ መሸጥ በአዲስ አበባ ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው የብዙ ሴቶች እንጀራ ነው። ባለ ጠላዋን «ተይ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ቀማሽ ሌላ ሰው እንድትይዝ፣ ደንበኛው ሲጋብዛት ብርጭቆዋን በውኃ እንድትሞላ መምከር ግን እርሷን ሳያስርብ ልጁን ያድናል። ባልየውም ከምክሩ ሊቀር አይገባም። ሚስቱ ስትጠጣ አብሯት የሚጠጣው፣ አንዳንዴም የሚቀዳላት እርሱ ነውና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። መልካም ነው። ነገር ግን ጋን ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ጠላ ማስታወቂያ ቢያስፈልገውም ከደጃፍ የሚቆም እንጨትና ቆርቆሮ ይበቃዋል።

አልኮል ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ያለ ከልካይ ያልፋል። የፅንሱ ጉበት ገና ለጋ በመሆኑ ቶሎ አያስወግደውም። በሕክምና ጽሑፍ ጉዳቱን በሥርዓት የገለጠው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሌሟን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በናንት ከተማ ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምሮ ጻፈ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በ1973 ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ በአሜሪካ በሲያትል ተመሳሳይ ነገር አይተው ስም ሲያወጡለት ዓለም አወቀው። የዓይን ስንጥቃት ማጠር፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ከንፈር ያለው ስርጉድ መጥፋት፣ የዕድገት መቀጨጭ ምልክቶቹ ሆኑ። ብዙ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚሳሳቱት በዚሁ ነው፤ ፊቱን ዓይተው ምልክት ካላገኙ ጉዳት የለም ይላሉ። ፊት የሚቀረጸው በእርግዝናው መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው፤ አንጎል ግን ዘጠኙን ወር ሙሉ ሲሠራ ይከርማል። በዚያ አጭር ጊዜ ሳይሆን በሌላው ወር አልኮል የደረሰበት ልጅ መልኩ እንደ ማንም ልጅ ነው፤ የተጎዳው የማይታየው ነው። የፊት ምልክት ካላቸው ይልቅ የሌላቸው እጅግ ይበዛሉ።

በአንጎል ውስጥ በብዛት የሚጎዱት ክፍሎች የትኞቹ እንደ ሆኑ በምስል ምርመራ ታይቷል። ቀኙን ከግራው የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ፣ በጥልቀት ያሉት እንቅስቃሴንና ልማድን የሚያስተባብሩ እምብርቶች፣ ትንሹ አንጎል፣ የትዝታው ክፍል፣ እንዲሁም ሐሳብንና ስሜትን አገናኝቶ የሚመዝነው የግንባሩ ክፍል ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ሁለት ዓይነት ችግር ነው፤ ሁለቱም የተያያዙ ናቸው።

አንደኛው ስሜትን ማንበብና መግዛት ነው። በካናዳ በቶሮንቶ የተደረገ ጥናት በ2009 እንዳሳየው፣ እነዚህ ልጆች የሌላውን ሰው ስሜት ከፊቱ በመረዳት ረገድ ትኩረት የማጣት ችግር ካለባቸው ልጆች እንኳ የባሱ ሆነው ተገኝተዋል። በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከድምፅ ቃና ስሜትን ማውጣት እንደሚቸግራቸው አመልክቷል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነገር አይደለም። እናት «ጎሽ! አንጀቴን አራስከው!» ስትል ምስጋና ነው ወይስ ምሬት? ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ቃናው ነው። ሰምና ወርቅ በሚሰማ ሕዝብ መካከል ሰሙን ብቻ የሚሰማ ልጅ ምን ያህል ጊዜ «ፌዘኛ» ተብሎ በጥፊ እንደሚመታ ማሰብ አያዳግትም። በዚያም ላይ አካሉ ለጭንቀት የሚሰጠው ምላሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የበረታ ነው፤ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ አይበርድም።

ሁለተኛው ውሳኔ ነው። ይህን ለመለካት የሚታወቀው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1994 አንትዋን በሻራ፣ አንቶንዮ ዳማሲዮና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ በአዮዋ ያወጡት የካርታ ጨዋታ ነው። አራት የካርታ ክምሮች ይቀርባሉ። ሁለቱ ብዙ ያስበላሉ፤ ግን አልፎ አልፎ ከሰጡት የበለጠ ይነጥቃሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ጥቂት ይሰጣሉ፤ የሚወስዱትም ከዚያ ያነሰ ነው። ጤናማ ሰው ጥቂት ከተጫወተ በኋላ ከክፉዎቹ ክምሮች ይሸሻል። የሚገርመው፣ ለምን እንደ ሸሸ በቃል ከማስረዳቱ በፊት እጁ ወደ ክፉው ክምር ሲዘረጋ መዳፉ ማላብ መጀመሩ ነው። አካሉ ቀድሞ ያውቃል። የግንባሩ የታችኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች ግን አያልባቸውም፤ እየከሰሩም ከክፉው ክምር አይለቁም። ስለ ላቡ ትርጉም ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ጨዋታው የሚያሳየው የውሳኔ ልዩነት ግን የታመነ ነው። በ2013 በካናዳ የታተመ ጥናት ይህንኑ ጨዋታ የፅንስ የአልኮል ጉዳት ላለባቸው ልጆችና ወጣቶች አቀረበ። ሌሎቹ ልጆች በተጫወቱ ቁጥር እየተሻላቸው ሲሄዱ፣ እነዚህ እየባሰባቸው ሄዱ።

ይህ ቃል ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። ተሞክሮ ሌላውን ያስተምራል፤ እነርሱን ግን ብዙ ጊዜ አላስተማረም።

በዘነበወርቅ ጎዳና ላይ ሱቅ በደረቴ አንግቶ ማስቲካ፣ ሶፍትና ሲጋራ የሚሸጥ የ15 ዓመት ልጅ ይታሰብ። አንደበቱ የቀና ነው፤ ይጫወታል፣ ያስቃል፤ ያናገረው ሁሉ «ብልህ ልጅ» ይለዋል። ጎረምሶች መጥተው «ነገ እንከፍልሃለን» ይሉታል፤ ይሰጣል። ነገ አይከፍሉም። በማግስቱ እየሳቁ ይመጣሉ፤ ይሰጣል። እናቱ «ትናንት የበሉህን ሰዎች እንዴት ዛሬ ታምናለህ?» ስትለው «ጓደኞቼ ናቸው» ይላታል። ትገርፈዋለች። አልቅሶ ይምላል፤ መሐላውም ከልቡ ነው። ከነገ ወዲያ ይሰጣል። ትናንት የሆነውን ረስቶት አይደለም፤ ቢጠየቅ ይተርከዋል። የጎደለው ትዝታው ሳይሆን ትዝታው ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት መዳፍን የሚያልብ፣ ሆድን የሚያላውስ ስሜት ነው። የእናቱን ቁጣም ከፊቷ አያነብም፤ ዱላው ሲነሣ ብቻ ያውቃል። ሰፈሩ «አውቆ ነው» ይላል። አስተማሪው «ሰነፍ» ብሎ ያወጣዋል። አንድ ቀን ጎረምሶቹ «ይህን ያዝልን» ብለው የሰረቁትን ሞባይል ያሲዙታል፤ ፖሊስ የሚያገኘው እርሱን ነው። ሲጠየቅም መርማሪው እንዲናገር የፈለገውን ሁሉ «አዎ» ይላል፤ ሰውን ማስደሰት ልማዱ ነውና።

የዚህ ዓይነት ልጅ መጨረሻ ምን እንደሚሆን የሲያትሏ አን ስትራይስጉት ባልደረቦቿን ይዛ ለብዙ ዓመት ተከታትላለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ዘገባ ከ415 ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑት 60 ከመቶ ያህሉ ትምህርታቸው ተቋርጧል ወይም ተሰናክሏል፤ 60 ከመቶ ያህሉ ከሕግ ጋር ተጋጭተዋል። ብዙዎቹ ግን በአእምሮ ፈተና ውጤታቸው «ዘገምተኛ» ከሚባለው መስመር በላይ ነበሩ፤ ስለዚህም ርዳታ የሚሰጥበት መዝገብ ላይ አልገቡም። ከዘገባው የሚያጽናና ነገርም ይገኛል። ከስድስት ዓመት በፊት የታወቀላቸውና በረጋ ቤት ያደጉ ልጆች ከእነዚህ መከራዎች በብዙ ድነዋል። ጉዳቱ ከማኅፀን ነው፤ መከራው ግን በከፊል ከውጭ የተጨመረ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ለዚህ ነገር በሩን አልዘጋም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ወጣት ጥፋተኞች በልዩ ሁኔታ ይመለከታል፤ በአንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ስለ ወጣቱ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ማስረጃ እንዲቀርብለትና በባለሙያ እንዲመረመር እንዲያዝ ያስችለዋል። ከዕድሜው ላለፈው ደግሞ በከፊል ኃላፊ ስላለመሆን የሚናገረው አንቀጽ 49 አለ። ነገር ግን ሕጉ በር ከከፈተ በኋላ የሚገባበት ባለሙያ ያስፈልጋል። ዳኛው «ይመርመር» ሲል፣ መርማሪው ባለሙያ የእናትዮዋን የእርግዝና ታሪክ ካልጠየቀ ወረቀቱ «ጤነኛ ነው» ብሎ ይመለሳል። እናትዮዋን ሲጠይቅም የሚከስሳት መስሎ ከጠየቃት ምንም አትነግረውም። የጠየቃት «ልጁን እንድንረዳው» ብሎ ከሆነ ግን ከ15 ዓመት በፊት የተጠመቀውን ጠላ እንኳ በዓሉን ጠርታ ትናገራለች። ይህን የሚያውቅ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የሚጽፈው ሁለት ገጽ ልጁን ከማረሚያ ቤት ሊያስቀረው ይችላል።

ለልጁ የሚደረገው ርዳታ ከዚያ የእግር ምርመራና ከዚያ ጫማ ብዙ አይርቅም። የማይሰማ እጅ እንዲሰማ በማስተማር አይድንም፤ ዙሪያው ይስተካከልለታል እንጂ። «አስብ» የሚለው ምክር ለእርሱ ጥቅም የለውም፤ የሚያስብለት ነገር ከውጭ መቀመጥ አለበት። ትእዛዝ አጭርና አንድ አንድ ይሁን። ትናንት የተባለው ዛሬም፣ ነገም፣ በተመሳሳይ ቃል ይባል። ቅጣት ከተደረገው ነገር ከራቀ ለእርሱ የሚታየው ሰው ጠልቶት ብቻ ነው። ቃናን ማንበብ ካልቻለ ስሜት በቃል ይነገረው፤ «አሁን ተናድጃለሁ፤ የተናደድሁትም ሣጥኑ ስለ ጎደለ ነው» ይባል። የፊት ስሜትንም በሥዕልና በመስታወት ይለማመድ። ከሁሉ በላይ አንድ የታመነ ሰው፣ አያት ይሁን የንስሐ አባት ወይም ባለ ሱቅ፣ ከውሳኔው በፊት የሚጠየቅ ሆኖ ይመደብለት። ይህ ጥገኛ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ። መነጽር ያደረገውን ሰው ጥገኛ የሚለው ግን የለም።

ያ ባለ ሱቅ በደረቴ ልጅ በዚህ መንገድ ቢያዝ፣ እናቱ ጠዋት ከእርሱ ጋር ሆና ሣጥኑን ትቆጥራለች፤ ማታም አብረው ይቆጥራሉ፤ ሲጎድል ዱላ የለም፣ ሲሞላ ግን ምስጋናው በግልጽ ቃል ይነገራል። ሲጋራው ከሣጥኑ ወጥቷል፤ ጎረምሶቹን የሚጠራቸው እርሱ ነበርና። በጥግ ያለው ባለ ሱቅ ነገሩ ተነግሮት ዓይኑን ከልጁ ላይ አይነቅልም። በሣጥኑ ክዳን ላይም በትልቁ «ዱቤ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ጎረምሶቹ እየሳቁ መጥተው «ነገ እንከፍልሃለን» ሲሉት ልጁ ክፉና ደጉን መመዘን አይጠበቅበትም፤ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ ክዳኑን ያሳያቸዋል።